በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ከቤተ ሰብ ጋራ

የቀደሙ ነገሥታት ግንብ ለልጆች ትልቅ ትምህርት ቤት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ በወሰድናቸው ጊዜ የግንቡን ቁመትና የድንጋዩን ውበት አሳይተን እንመለሳለን እንጂ፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ እኛ ያሉ እናትና ልጅ፤ አማትና ምራት፤ አያትና የልጅ ልጅ እንደ ኖሩበት አንነግራቸውም። ቤተ ሰቡ ያልተነገረለት ቤት ምንም ያማረ ቢሆን ድንጋይ ብቻ ነው።

የቍስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን በዋለ ማግሥት፤ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ፤ እናቴንም አስከትዬ፤ በጐንደር ሰሜን ምዕራብ ከተራራው ግርጌ ወዳለው ወደ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ሄድን። እናቴ ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን። ቍስቋም የተባለውም እመቤታችን ልጅዋን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ባረፈችበት በግብጽ ምድር ባለው ስፍራ ስም መሆኑን እናቴ በመንገድ ለልጆቹ ነገሯቸው።

ይህን ስፍራ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌ የቋራ ሰው ሲሆኑ፤ ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ለአገር ሲዞሩ በቋራ ቢታመሙ በዚያ ቤት የነበረችው ልጅ አስታመመቻቸው፤ ከዳኑም በኋላ አገቧት፤ እየተባለ ይተረካል። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ እናታቸው ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋራ መንግሥቱን ያዙ። በጣና ደሴት የናርጋ ሥላሴን፤ በዚህም የቍስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ።

የቤተ መንግሥቱ ጣራ ፈርሷል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። ከቀይ ድንጋይ ተጠርበው በግድግዳው ላይ የገቡትን መስቀሎች ልጆቹ እየዞሩ ሲቈጥሩ፤ ባለቤቴ ደግሞ መስኮቶቹን እያየች ጄምስ ብሩስ ስለሚባለው የስኮትላንድ ሰው አጫወተቻቸው። ይህ ሰው በ1762 ዓ.ም. ወደ ጐንደር በመጣ ጊዜ በእቴጌ ቤት ያሉት ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው ነበር። እርሱም አስቀድሞ ያደረገው ነገር የተዘጋውን በርና መስኮት ሁሉ ማስከፈት፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ ማጠን፤ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤም ማሳጠብ ነው። እስከ ዛሬ በሽተኛ የተኛበትን ቤት መስኮት ለምንዘጋ ሰዎች ይህ ወሬ የሚጠቅም ነው።

ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክዳኑ መስተዋት የሆነ ትንሽ ሣጥን አሳዩን። በውስጡ የእቴጌ ምንትዋብ፤ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አጽም በአንድነት አለ። የሰባት ዓመቱ ወንድ ልጄ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ፤ «እማማ፤ ሦስት ነገሥታት እንዴት ይህን በሚያህል ሣጥን ውስጥ ቻሉ?» ብሎ አያቱን ጠየቀ። እኅቱም ቀበል አድርጋ፤ «የልጅ ልጅዬውስ በምን ሞቱ?» አለች።

ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች። የደም ነገር ለሕፃን ይነገራልን? ብዬ ሳመነታ እናቴ ከግንቡ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ወደ ጕልበታቸው አስጠጉና እንዲህ አሉ።

«ልጆቼ፤ እኒህ እመቤት ባላቸውን በወጣትነታቸው፤ ልጃቸውን ዐፄ ኢያሱን በ1747 ዓ.ም. ቀበሩ። የዐፄ ኢዮአስ እናት ወይዘሮ ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበሩና፤ የእርሳቸው ዘመዶችና የእቴጌ የቋራ ዘመዶች በሹመት ተጣሉ። አያቲቱና እናቲቱ የሚወዱት አንድ ልጅ ነበረ፤ ዳሩ ግን ስለ እርሱ መስማማት አልቻሉም። ራስ ሚካኤል ስሑልም ከትግራይ ከጦራቸው ጋራ መጥተው ጐንደር ገቡ፤ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። የእቴጌ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም የእኒያው የራስ ሚካኤል ሚስት ሆኑ። ዘመድ ከዘመድ ሲጣላ ዳኛ ከሩቅ ይመጣል፤ የመጣውም ዳኛ የቤቱ ጌታ ሆኖ ይቀራል። እቴጌም አራት ዓመት ያህል ቈይተው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጐንደርን ባቃጠለ ጊዜ ይህም ስፍራ ተቃጠለ። አሁን ሁሉም አለፈና ሦስቱ በአንድ ሣጥን አሉ።»

ልጆቹ አልፈሩም። ሴቲቱ ልጅ፤ «አስቀድመው ቢታረቁስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ መልስ አልሰጡም፤ ቀና ብለው እኔን ተመለከቱኝ።

የተመለከቱኝም በምክንያት ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ፤ በተዉልን ቤት የተነሣ፤ በእኛና ከሌላ እናት በተወለደው ወንድማችን መካከል ክርክር ተነሥቶ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠበቃ ቁሟል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይጨመራል፤ ልጆቻችንም የአጎታቸውን ልጆች በመንገድ ቢያገኙ አያውቋቸውም። በዚያው ማታ ካረፍንበት ቤት እናቴ፤ «ወንድምህን ጥራልኝ፤ በስልክ አነጋግረዋለሁ» አሉኝ። ላልወለዱት ልጅ፤ «ልጄ፤ ለፋሲካ ከነልጆችህ እኔ ዘንድ ትውላለህ፤ ነገራችሁንም ሽማግሌ ይይዘዋል» ሲሉት ሰማሁ። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፤ «እሺ እማማ» አለ። ነገሩ ገና አልተፈጸመም፤ ሽማግሎቹ ግን ተመርጠዋል።

ስለዚህ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ጐንደር በሄዳችሁ ጊዜ የፋሲል ግንብን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ቍስቋምም ውጡ። ልጆቹ ሳይደክሙ በጧት ሂዱ፤ ከቤታችሁም ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ እኛ ዓመተ ምሕረቱን ብናውቅ እነርሱ ፍሬ ነገሩን ያውቃሉና። ልጅ የጠየቀውንም በልኩ በእውነት መልሱለት። ድንጋዩን በ1972 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ በቅርስነት መዝግቦታል፤ በቤቱ ውስጥ የሆነውን መዝግቦ ለልጁ ማስተላለፍ ግን የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሥራ ነው።