የእንቁላል ቅርፊትና ዝምታዬ

ጎረቤቴ እማማ ዶሮዎቻቸውን አውጥተው የሸጡት በእኔ ምክር ምክንያት ነው። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላም ዝም ብዬ ስለቆየሁ፣ ምክሩንም ዝምታውንም አብሬ እናዘዛለሁ።

ቢሾፍቱ ውስጥ በአንድ አጥር ነው የምንጎራበተው። እማማ ከጡረታ ገንዘባቸው ቆጥበው የገዟቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሯቸው። አንደኛዋ ቅርፊቱ የሳሳ፣ ገና ሲያነሱት የሚሰነጠቅ እንቁላል መጣል ጀመረች። «ልጄ፣ አንተ ታነባለህ፤ ምን ላድርጋት?» አሉኝ። «የእንቁላል ቅርፊት አይጣሉ፤ መልሰው ለዶሮዎቹ ይስጧቸው» አልኳቸው፣ ምንም ሳላመነታ።

ነገሩ ከሥሩ ስህተት አልነበረም። ከእንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የጎጃምና የወለጋ ገበሬ አሲዳማ ማሳውን የሚያክምበት የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ዋና ማዕድኑ ይኸው ነው። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ደግሞ በቀን 4 ግራም ገደማ ትፈልጋለች፤ ከመኖዋ ካጣችው ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ያም አልበቃ ሲል ቅርፊቱ ይሳሳል።

ያልነገርኳቸው አሠራሩን ነው። ቅርፊት ለዶሮ የሚሰጠው ታጥቦና ፈልቶ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ የእንቁላል መልኩ እስኪጠፋ ከተወቀጠ በኋላ ነው። መፍላቱ ሳልሞኔላን ይገድላል፤ መወቀጡ ደግሞ ዶሮዋ የምትበላው ነገር ከራሷ እንቁላል ጋር እንዳይመሳሰልባት ያደርጋል። እማማ ግን ግማሽ ግማሹን ቅርፊት፣ ውስጡ የቀረው ነጭና አስኳል ሳይጠረግ በተኑላቸው። ዶሮዎቹ ጣዕሙን ለመዱ። ጎጇቸው ውስጥ የሳሳ እንቁላል አለ፤ አንዴ ሲነቁሩት ይፈርሳል። ብዙም ሳይቆይ የጣሉትን ሁሉ መብላት ጀመሩ።

እማማ መጀመሪያ «ሸለምጥማጥ ነው» አሉ። ቀጥሎ የተጠረጠረው እንቁላል የሚሰበስብላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ ሲማልና ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ። በዚያን ጊዜ ነገሩን አንድ ዶሮ አርቢ አስረድቶኝ ነበር፤ እውነቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። አዋቂ የሚለውን ስሜን ማጣት ከልጁ እንባ በላይ ከበደኝ። በኋላ አንዷን ዶሮ ምንቃሯ አስኳል እንደተቀባ አገኟት፤ ሁሉንም ለበዓል ገበያ አወጧቸው።

በመጨረሻ እውነቱን ስነግራቸው በዶሮዎቹ አልተቆጡም። «ዶሮስ ይተካል፤ ልጁን ግን ለምን አስወቀስክብኝ?» ነው ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ጠርቼ እሳቸው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

በዚያው ሰሞን ለሌሎች የሰጠሁትን ምክርም መለስ ብዬ አየሁት። የቲማቲም ፍሬ ከታች እየጠቆረ ሲበሰብስ ሥሩ ላይ ቅርፊት ቅበሩ ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ ካልሲየሙ ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው፤ አንድ ሳምንት አድርቆ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ያመጣዋል፤ መድኃኒቱም ውሃን ሳያቋርጡ በልክ ማጠጣት ነው። ሳይደቅ የተቀበረ ቅርፊት በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ቀንድ አውጣን ያግዳል ብዬም ነበር፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሙከራ ቅርፊቱ ሰላጣውን አላዳነም።

ቅርፊት መጣል አለበት እያልኩ አይደለም። እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ከብስባሽ ጋር ቢቀላቀል አሲዳማ አፈርን ይጠቅማል። ግማሹ ቅርፊት ከታች ተበስቶ አፈር ቢሞላበት ችግኝ ማፍያ ይሆናል፤ ሲተከል ሥሩ እንዲወጣ ጨመቅ አድርጎ መሰንጠቅ ነው። ጥላሸት የያዘ ድስትም በደቀቀ ቅርፊትና በሳሙና ይለቃል፤ ይህን እማማ ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።

ከእኔ ሰምታችሁ ቅርፊት ሳትወቅጡ ለዶሮ የምትሰጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። እንቁላል መብላት የለመደች ዶሮ ካለችም ሌሎቹን ሳታስለምድ ለብቻዋ ለዩአት፤ እንቁላሉንም እንደተጣለ ቶሎ ቶሎ አንሱ። ከጎጆው እንቁላል ከጠፋ ደግሞ ልጅ ከመጠርጠራችሁ በፊት የዶሮዎቹን ምንቃር እዩ።