በመብራት በሚሄድ መኪና ወደ አዳማ

እኛ ሁለት ተማሪዎች ነን። አንድ ቅዳሜ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሄደን በዚያው ቀን ተመልሰናል። የሄድነው በመብራት ኃይል በሚሄድ መኪና ነው። ስለዚህ መኪና ሰዎች ብዙ ይጠይቁናል። «ቤንዚን ሳይጠጣ እንዴት ይሄዳል? መኖው ምንድን ነው? ስንትስ ያስወጣል?» ይሉናል። እንግዲህ ያየነውን እንንገራችሁ።

የመኪናው ባለቤት የአንዳችን አጎት ናቸው። ሁለታችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መኪናውን የገዙት ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብና በብድር ነው። ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ጋሼ በከተማው ውስጥ ሰው እያመላለሱ ይሠሩበታል፤ ከሚያገኙት ላይ በየወሩ ብድራቸውን ይከፍላሉ። እሑድ ንጋት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሱት ደንበኛ ነበራቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ ጭንቅ ያመጣብን ይኸው ነው።

መኪናው ከወለሉ በታች ትልቅ ባትሪ አለው። ባትሪ ማለት የመብራት ኃይል የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። የባትሪ ድንጋይ ካለቀ ይጣላል፤ ይኸኛው ግን እንደ ሞባይል ስልክ እንደገና ይሞላል። ይህን መሙላት ሰዎች «ቻርጅ ማድረግ» ይሉታል። ጋሼ ማታ ማታ ገመዱን ቤታቸው ሶኬት ላይ ሰክተው ይተኛሉ። ባዶ የሆነ ባትሪ በቤት ሶኬት እስኪሞላ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአንድ ሌሊት የሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው።

ዓርብ ሌሊት ታዲያ ሰፈሩ መብራት ጠፋበት። ጧት ስንደርስ ጋሼ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ከፊታቸው ያለውን ስክሪን ትክ ብለው ያያሉ። «84» ይላል። ከመቶው 84 እጅ ሞልቷል ማለት ነው።

«ይበቃናል ጋሼ?» አልናቸው።

«ለመውረዱ ይበቃል። የመውጣቱን እዚያው እናያለን» አሉ።

ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ በቀር ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ስለሆነ ነው። ጋሼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰዋል፤ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። የገዛ መኪናቸውን ማንበብ ግን አልቻሉም። አንድ ቀን ቀይ ጽሑፍ ቢወጣባቸው ፎቶ አንስተው ለሚያውቅ ሰው ላኩ። ለካስ የጎማ ንፋስ ቀንሷል ነው የሚለው! እስኪነገራቸው ድረስ ሁለት ሰዓት ሥራ ፈትተው ቆሙ።

በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ በጅቡቲ በኩል ይገባል። መብራቱ ግን በአገራችን ውኃና ነፋስ የሚመነጭ ነው። ትልቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ኃይሉ ከግድቡ እስከ ጋሼ ሶኬት ድረስ ሳይቋረጥ መድረሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፍጥነት መንገዱ ገባን። የመንገዱን ክፍያ ይኸም መኪና እንደ ሌላው ይከፍላል። በስተቀኝ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የአድአ ጤፍ ነው። መኪናው ድምፅ የለውም። የምንሰማው የጎማውንና የነፋሱን ድምፅ ብቻ ነበር። በሰፈር ውስጥ ይኸ ጸጥታ አደጋ አለው፤ ልጆችም አህዮችም መምጣቱን አይሰሙም። ጋሼ ጥሩምባ መንፋት ልማዳቸው ሆኗል።

አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። መንገዱ ቁልቁል ነው። ጋሼ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው አነሱ፤ ነዳጅ ባይኖርም ስሙ እስከ ዛሬ እሱው ነው። ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ደግሞ መብራት እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። በዚያውም መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በአንዳንዱ ቁልቁለት ፈቀቅ አይልም፤ እንዲያውም አንዴ በአንድ ጨመረ። «ቁልቁለቱ ይከፍለኛል» ይላሉ ጋሼ።

በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። የሞተር ዘይት መቀየር የለም። ካንዴላ የለም። ጎማው ግን ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ነው። መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም። ጋሼ አንድ የፊት መብራት ተሰብሮባቸው ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቀዋል። ከሁሉ የሚያስፈራቸው ግን የባትሪው እርጅና ነው። ባትሪ በዓመታት ብዛት አቅሙ ይቀንሳል፤ መቀየሩም የመኪናውን ዋጋ ብዙ እጅ ይበላል። ስለዚህ ነገር ስንጠይቃቸው ዝም አሉ። እኛም ደግመን አልጠየቅንም።

አዳማ ስንቃረብ በኮረብታው ላይ ነፋስ የሚያዞራቸው ነጫጭ ማማዎች ታዩን። መጀመሪያ 34፣ በኋላ 102 ማማዎች ተተክለዋል። መብራት ያመነጫሉ። መኪናችን ይህን ኃይል ከነዚህም ማማዎች ሳያገኝ አይቀርም ብለን ተሳሳቅን። ከተማው ስንገባ ቁጥሩ 52 ነበር።

ጋሼ ሒሳብ ጀመሩ። ሲወርድ 32 በልቷል። ሲወጣ ከ50 በላይ ይበላል። ለጥንቃቄ መጨመር አለበት። በፍጥነት የሚሞላ ትልቅ ማሽን ያለበት ቦታ ሄድን። እንዲህ ያለው ማሽን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አብዛኛውን ባትሪ ይሞላል። ነገር ግን የገመዱ ጫፍ ከመኪናችን ቀዳዳ ጋር አልገጠመም። የቻይናው ሌላ፣ የአውሮፓው ሌላ ቅርጽ ነው። መኪና የምትገዙ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን አስቀድመው እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ቁጥሩ 50 ሆነ፤ ወደ ጋሼ ታላቅ እህት ቤት ሄድን።

ወደ ቤቷ የሚያስገባው መንገድ ድንጋያማ ነው። ጋሼ «ውረዱ» አሉን። ሰው ሲቀንስ መኪናው ትንሽ ከፍ ይላል። ባትሪው ከሆዱ ሥር ስለሆነ ድንጋይ እንዳይመታው ይፈራሉ። እኛ በእግራችን ከፊት እየሄድን ድንጋይ አነሳንላቸው። የእናንተን ቀበሌ መንገድ አሰብን። እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ መኪና ለጊዜው ለዚያ መንገድ የሚሆን አይመስለንም።

እትዬ በማግሥቱ የማኅበር ተራዋ ነበር። እንጀራ እየጋገረች ነው፤ ምጣዷም የመብራት ነው። ሰላምታ ተሰጣጥተን እንዳበቃን ጋሼ ገመዱን ሳሎን ካለው ሶኬት ላይ ሰኩ። ትንሽ ቆይቶ ቆጣሪው ወደቀ። ቤቱ ሁሉ ጠፋ። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ።

«ምን አመጣህብኝ?» አለች እትዬ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«መኪናው ነው፤ ትንሽ ይጠጣ ብዬ ነው» አሉ ጋሼ።

«እንጀራዬስ? ነገ ሰው ሁሉ ይመጣል!»

ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ከመኪናው ገመድም ይበልጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የቤቱ መስመር አልቻለም። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ እህታቸውንም አዩ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። እትዬ ደግሞ ገና ግማሽ ቡሖ ቀርቷታል። በመጨረሻ ጋሼ ገመዱን ነቀሉና «እንጀራው ይቅደም» አሉ። እኛ ሽንኩርት መላጥ ጀመርን፤ ቶሎ እንዲያልቅላት ነው።

ጋግራ የጨረሰችው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ መኪናው ተሰካ። ጋሼ በየሩብ ሰዓቱ ሶኬቱን በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። ቀጭን ገመድ ወይም የላላ ሶኬት ከጋለ እሳት ያስነሳል። በሰዓት 5 እጅ ያህል ነው የሚገባው። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን 63 ደረሰ። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልንም።

ጋሼ ለመብራቱ ገንዘብ ሲሰጧት እትዬ ተቆጣች። «የእንግዳ በቅሎ ገብስ በልታ ሒሳብ ትከፍላለች ወይ?» አለች። ጋሼ 100 ብር ለትንሿ ልጇ አስጨብጠው ወጡ።

ለመሆኑ ስንት በላ? እህል በቁና፣ ቤንዚን በሊትር እንደሚሰፈር መብራትም በኪሎዋት ሰዓት ይሰፈራል። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸ መኪና ለዚህ 36 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለሒሳብ እንዲቀል አንዱን 10 ብር እናድርገው፤ 360 ብር ይመጣል። ትንሽ የቤንዚን መኪና ለዚሁ መንገድ 14 ሊትር ያህል ይጠጣል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ከ1,400 ብር በላይ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? የመብራት ዋጋም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መጨመር ጀምሯል፤ ቢሆንም ገና ብዙ ይቀረዋል። ጋሼ ግን «መኖው ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነብኝ መጠበቁ ነው» ይላሉ። ያን ቀን ቆመው የዋሉትን ሰዓት ማን ይከፍላቸዋል?

ዳገቱን ስንጀምር ጨለመ። ሞጆን ስናልፍ ቁጥሩ እንደ ወንፊት ውኃ ይፈስ ጀመር። ጋሼ ማቀዝቀዣውን አጠፉ፤ ፍጥነታቸውን በሰዓት ወደ 70 ቀነሱ። በፍጥነት መሄድ ብዙ ኃይል ይበላል። የጭነት መኪናዎች እየቀደሙን ሄዱ። 40። 31። ማንም አላወራም። ቤንዚን ቢያልቅ ሰው በጀሪካን ያመጣል፤ መብራት በምን ይመጣል? ከቱሉ ዲምቱ ስንወጣ 19 ነበር፤ ጋሼ ያን ጊዜ ነው የተነፈሱት።

ቤት ስንገባ 11 ይላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። የሰፈሩ መብራት በርቷል። ጋሼ እራት ሳይቀምሱ ገመዱን ሰኩና በጣታቸው ቆጠሩ። «እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት 9 ሰዓት አለኝ። 9 ጊዜ 5፣ 45። ከ11 ጋር 56 ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያ ይተርፋል።»

«ካልጠፋ ነዋ» አሉ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው፤ እጃቸው ላይ ሻማ ነበር።