አልማዝ ባለጭራ ያለፈበት

ክረምት ለዕረፍት አንኮበር ስንገባ እማማ ከጋቢያቸው ሥር ጎናቸውን ያካሉ። ከፋሲካ በፊት አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር፤ ከጀርባ ተነሥቶ ግራ ጎናቸውን እንደ መቀነት የዞረ። ያ ድኗል። ጠባሳው ላይ ግን አዲስ ነገር በቅሏል።

«ተመልሶ መጣብዎ» አልናቸው።

«ኧረ ልጆች፣ ያ ሌላ ይኸ ሌላ! ያኛው እሳት ነበር፣ ሌሊት አያስተኛኝም። ይኸ ይበላኛል እንጂ አያመኝም።»

እኛ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነና! እዚያው ቦታ የወጣ ያው በሽታ ነው ብለን ፈረድን። አንዳችን ለራሱ ታዝዞለት የተረፈ ቅባት ነበረው፤ ስቴሮይድ ያለበት። ጠዋት ማታ ቀባናቸው። ማሳከኩ ጋብ ሲል ኮራን። በሁለተኛው ሳምንት የቁስሉ ቀይ ዳር ጠባሳውን አልፎ ወደ ሆዳቸው ሰፋ።

ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። አርባ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጭጋግና ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ። ሐኪሙ ጠርዙን ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩና «ጭርት ነው» አሉ። ፈንገስ! ቅባታችን የቆዳውን መከላከያ እያስተኛ ጭርቱን ሲቀልበው ከርሟል።

ታዲያ ለምን እዚያው ላይ? ነገሩ ስም አለው ለካ። ድኖ ባለፈ የቆዳ በሽታ ሥፍራ ዝምድና የሌለው ሌላ በሽታ ሲወጣ፣ ሮኒ ቮልፍ የተባሉ የቆዳ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1995 (እ.ኤ.አ.) «ኢሶቶፒክ ምላሽ» አሉት፤ በግሪክኛው «በዚያው ቦታ» እንደ ማለት ነው። ዋይበርን-ሜሰን ደግሞ በ1955 ስለዚሁ ጽፎ ነበር። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ጉድፍ የሚያወጣው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ሲነሣ የቆዳውን የነርቭ ጫፎች ይጎዳል። ነርቭና የሰውነት መከላከያ የሚግባቡበት መንገድ ስለሚዛባ፣ ቆዳው የዳነ ቢመስልም ጥበቃው እንደ ቀድሞው አይሆንም ይላሉ። ተቃራኒውም አለ፦ ሽፍታ ገላውን ሁሉ ወርሶ አልማዝ ባለጭራ ያለፈበትን መቀነት ብቻ ዘሎት ይሄዳል። እኛን ይበልጥ የገረመን ይኸኛው ነው።

እማማ ለግሪክኛው ግድ አልነበራቸውም። ሐኪሙን «እኔስ ነግሬያቸው ነበር» አሉና ዝም አሉ። እኛም ዝም።

ማታ ቤት ስንገባ «ያን ቅባት አምጡት» አሉን። ሰጠናቸው። ምድጃው ውስጥ ጣሉት፤ ቤቱ እስኪነጋ ሲሸት አደረ።