ፍላጎት

በእንግሊዝኛ በሁለት ቃላት የሚለየውን አማርኛችን በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ፍላጎት። የተራበውም ይፈልጋል፤ ሸማቹም ይፈልጋል። የምጣኔ ሀብት መምህር ነኝና ሥራዬ ሁለቱን መለየት ነው። «የገበያ ፍላጎት ማለት የመግዛት አቅም ያለው ፍላጎት ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ቤሳ ቤስቲን የሌለው ረኀብተኛ በዚህ ሚዛን አይቆጠርም።

ትርጓሜው ሐሰት አይደለም፤ የሚያስፈራኝም እውነትነቱ ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ ሲመረምር፣ በደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል እንደነበረ አሳይቷል። ገበሬው አዝመራውን ሲያጣ መግዣውንም አጣ። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ።

ወንጌል ግን በፍርድ ቀን ስለ ተራበው እንደምንጠየቅ ይነግረናል፤ የተራበውን ኪስ አይፈትሽም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ትርጓሜውን አጥርተው እንዲይዙ አደርግና፣ የፍላጎትን መስመር ከሣልሁ በኋላ «ከዚህ መስመር ውጭ የቀረው ማን ነው?» እላቸዋለሁ። እምነቴ በትምህርቱ ላይ የሚጨምረው ይህን ጥያቄ ብቻ ነው። ቃሉን ለማስረዳት እከፍለዋለሁ፤ ሰውየውን ግን ከቁጥር ላወጣው አልችልም።