የጸሐፊው ዕጣ

ቃላትም እንደ ሰዎች ሹመትና ሽረት ያገኛቸዋል። አንዳንዱ ቃል ከዝቅተኛ ስፍራ ተነሥቶ ከቤተ መንግሥት ይገባል፤ አንዳንዱም ከመቅደስ ወጥቶ ከገበያ ይውላል። ከሁለተኛዎቹ ወገን አንዱ እንግሊዞች «ክላርክ»፥ አሜሪካኖች «ክለርክ» እያሉ የሚጠሩት ቃል ነው። ዛሬ ይህን ቃል የሰማ ሰው የሚታየው ከመዝገብ ላይ አጎንብሶ የሚጽፍ ዝቅተኛ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በአሜሪካም በሱቅ ውስጥ ቆሞ ዕቃ የሚሸጠው ሰው በዚሁ ስም ይጠራል።

የቃሉ ሥር ግን ከዚህ በጣም የራቀ ነው። በግሪክ «ክሌሮስ» ማለት ዕጣ ማለት ነው፤ በዕጣ የሚደርሰው መሬትም በዚሁ ስም ስለ ተጠራ ርስት ማለት ሆነ። ኦሪት ዘዳግም ሌዋውያን ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት እንደማይካፈሉ፥ ርስታቸው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲናገር፥ የግሪኩ ትርጉም የያዘው ይህንኑ ቃል ነው። ለክርስቲያን ካህናትም ከዚሁ ቃል ስም ወጣላቸው። ሄሮኒሞስ የተባለው ሊቅ እንደ ገለጠው፥ ካህን እንዲህ መባሉ ወይ እሱ የእግዚአብሔር ዕጣ ስለ ሆነ፥ ወይም እግዚአብሔር የእሱ ዕጣ ስለ ሆነ ነው። እኛም «ዕጣ ፈንታ»፥ «ዕጣ ክፍል» እያልን ዕድልንና ድርሻን በአንድነት ስለምንጠራ፥ ይህ የአሳብ ዝምድና እንግዳ አይሆንብንም።

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ማንበብና መጻፍ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ካህናት ነበሩ። ንጉሡም ደብዳቤ የሚያስጽፈው፥ ሒሳብ የሚያስይዘው በነሱ ነበር። ከዚህ የተነሣ ቃሉ የተማረ ሰው፥ ኋላም ጸሐፊ ማለት ሆነ። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት በደረሰው «የካንተርበሪ ታሪኮች» በዚህ ስም የሚጠራው ሰው፥ ልብሱ ያለቀ ከመልካም ልብስ ይልቅ መጽሐፍ የሚወድ የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። በአገራችንም የነገሥታቱን ትእዛዝና ታሪክ የሚጽፉት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለዚህ ምስክር ናቸው።

በዚህ ቃል ታሪክ ውስጥ እኛን ይልቁን የሚያስደንቀን ግን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነገር ነው። በጥንቱ ሕግ ካህን ቢያጠፋ የሚዳኘው በቤተ ክህነት ነበር፤ ቤተ ክህነትም በሞት አይቀጣም። ካህን መሆኑ የሚፈተነውም በማንበብ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ንባብ የንስሓው መዝሙር፥ በእኛ ዳዊት 50ኛው፥ ነበር። ያነበበ አንገቱን ከገመድ ስለሚያተርፍ ሕዝቡ «የአንገት ጥቅስ» አለው። በጊዜ ብዛትም ካህን ያልሆነ ሁሉ ማንበብ ከቻለ በዚሁ ይድን ጀመር። የቴአትር ደራሲው ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1598 ሰው ገድሎ ከስቅላት የተረፈው በዚሁ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ምልክት ተተኩሶበት ተለቀቀ። የንባቡ ፈተና የቀረው እ.ኤ.አ. በ1706፥ ሥርዐቱ ፈጽሞ የተሻረው በ1827 ነው።

እንግዲህ እናስተውል። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ጥፋት ከዳኛ ፊት ቆመው፥ አንዱ ፊደል ስለ ቈጠረ ወደ ቤቱ፥ ሁለተኛው ስላልቈጠረ ወደ መስቀያው ሄደ።

ዛሬ ፊደል ባለማወቁ የሚሰቀል የለም። ነገር ግን ማመልከቻውን ይዞ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት የሚቆም ሰው፥ ዕጣው ዛሬም በአንድ መስመር ጽሕፈት ይወሰናል። ስሙ ከመዝገብ ላይ በስሕተት ቢጻፍ፥ ደብዳቤው በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቢቀር፥ የሚጐዳው እሱ ነው። ስለዚህ «እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ» የሚል ሰው ሥራውን እጅግ አቃሎታል። በዚያ ዘመን ፊደል ያወቀ ያዳነው የራሱን አንገት ነበር፤ በዛሬው ጸሐፊ ብዕር ጫፍ ላይ ያለው ግን የሌላው ሰው ዕጣ ነው። ከማዕርጉ የወረደው ቃሉ ነው እንጂ ሥራው አይደለም።