ከጣርማ በር ቍልቍል

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ወደ ይፋት ቆላ ለመውረድ ያሰቡ እንደ ሆነ ጋቢዎን አይርሱ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ የሚከተልዎት ብርድ ጣርማ በር ሲደርሱ ጕም ሆኖ መስኮቱን ይሸፍነዋል። ከዚያም አውቶቡሱ ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየበት ዘመን ወደ ተፈለፈለው ዋሻ ይገባል፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል።

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት በዚሁ መንገድ ስወርድ ሾፌሩ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ከፍቶ ነበር። በዋሻው ጨለማ ውስጥ ሰው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ወደ ብርሃን ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪዬ «መምህር፥ ይህ ዘፋኝ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን እየቈረጠምን ነገርሁት። አለማየሁ ጅማ የተወለደ፥ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ፥ የአሜሪካኖችን የሶል ዜማ ከአገሩ ቅኝት ጋር በማዋሐዱ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የተባለ ሰው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሸክላው የወጣው በአንድ ሌላ ወጣት ድፍረት ነው። ይህም አምሃ እሸቴ ነው፤ የአባታቸው ስም ቢገጥምም ወንድማማች አይደሉም። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የአገር ፍቅር ቴያትር ብቻ ነበረ። አዲስ አበባ ላይ ሸክላ ይሸጥ የነበረው አምሃ ግን ገና በሃያ አራት ዓመቱ ገደማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969፥ የአለማየሁን ዘፈን አስቀርጾ ወደ ህንድ በመላክ አሳተመው። እስር ያስፈራ ነበር። ሸክላው ሲመጣ ግን ሰው በሱቁ ደጃፍ እየተሰበሰበ ይሰማ፥ ይጨፍርም ነበር ይባላል፤ አምሃንም የነካው የለም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ በኋላ የደርግ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዝም ሲያሰኘው ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ተማሪው ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ ፈቃድ ሳይጠብቅ ነው የጀመረው?» አለኝ። «አዎን» አልሁት። «የእርስዎ ቴያትርስ?»

አንባቢዬ ሆይ፤ ለተማሪዎቼ የጻፍሁት ቴያትር «ይፈቀድልኝ ይሆን?» እያልሁ ሦስት ዓመት በመሳቢያዬ ውስጥ ተቈልፎበታል። ልጁ የዋናውን ሰው ቃል በቃሉ ያጠና ነበርና አልረሳውም። እኔም በዕድሜ አምሃ በዚያን ጊዜ ከነበረበት ብዙ አልርቅም። መልስ አጥቼ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

መንገዱ እየተጠማዘዘ በወረደ ቍጥር ሙቀቱ እየበረታ ስለ ሄደ ጋቢያችንን አጣጠፍን። ሸዋ ሮቢት ስንገባ በመንገዱ ዳር ሽንኵርት ተከምሮ ይሸጥ ነበር፤ ዘፈኑም አላለቀም። አምሃና አለማየሁ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ዐርፈዋል፤ ድምፁ ግን ይኸው በይፋት ቆላ ይሰማል። ያንን ሸክላ ፈቃድ ሲጠብቁለት ቢኖሩ ኖሮ፥ ያ ልጅ በዋሻው ጨለማ ምን ይሰማ ነበር?

ትምህርት ሲከፈት የመሳቢያዬን ቍልፍ ይዤ እገባለሁ። ከዋናው ሰው ቃል እንጀምራለን።