ለቀኝ መስመር የሚሆን ኳስ

«ኳስ» ሲባል ለእኛ ለኢትዮጵያ ልጆች ቶሎ የሚታየን የእግር ኳስ ነው። ናይሮቢ የሚኖር፣ በንጎንግ ሮድ በኩል የሚያልፍ ሰው ግን ሌላም ኳስ መኖሩን ሳያውቅ አይቀርም። ኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፋ ዋንጫ ያነሳችበት ባለ ሰባት ተጫዋች ራግቢ እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቡድን ኮከቦች አንዱ ኮሊንስ ኢንጄራ ይባላል፤ ስሙን የሰማን ቀን የሳቅነው ሳቅ!

በራግቢ ኳስን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። እየሮጥክ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ትሰጣለህ። የእኛ ቡድን ችግርም እዚህ ላይ ነበር። አብዛኞቻችን ቀኝ እጃችንን ስለምንጠቀም ወደ ግራ ስናቀብል ኳሱ ደህና ይሄዳል። ወደ ቀኝ ሲሆን ግን የሚገፋው ግራ እጅ ነው፤ ኳሱ ወይ እግር ሥር ይወድቃል ወይ ከራስ በላይ ያልፋል። በዚህ የተነሳ በቀኝ መስመር የሚሮጠው ጓደኛችን፣ ከሁላችን ፈጣኑ፣ ኳስ ሳይነካ ጨዋታ ያልቅበት ነበር። በአንደኛው ተርም መጨረሻ «ሩጫ ብቻ ከሆነማ አትሌቲክስ ይሻለኛል» ብሎ ማልያውን መለሰ።

አሰልጣኛችን ማልያውን ተቀብለው ምንም አላሉም። በማግስቱ አሮጌ ጎማ በገመድ ከዛፍ ላይ ሰቀሉ። በየልምምዱ 20 ደቂቃ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ! መጀመሪያ በአንድ ጉልበት ተንበርክከን፣ እግር እንዳይረዳን፣ በእጅና በወገብ ብቻ። ኳሱ ከወጣ በኋላ ጣቶቻችን ወደ ጎማው ቀዳዳ እያመለከቱ መቅረት አለባቸው። ቀጥሎ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ አራት ሆነን በሩጫ። ተቀባዩ ሁለት እጁን ደረቱ ፊት አስቀድሞ ያሳያል፤ አቀባዩ ኳሱን ለእሱ ሳይሆን ከፊቱ ላለው ክፍት ቦታ ይልካል። 20 ሳይወድቅ ካልተቆጠረ ከአንድ ይጀመራል። በ19ኛው ላይ የወደቀን ኳስ ያየ ያውቀዋል።

በእኛ ግምት ከሁሉ የጠቀመን ደክሞን እያለ ማቀበላችን ነው። ሜዳውን ዞረን ትንፋሻችን ሲቆራረጥ፣ ኳሱም ከባልዲ ውኃ ውስጥ ወጥቶ ይሰጠናል። ዝናብ ሲመጣ አልደነቅንም። ከዚያ ሁለት ለአንድ፦ ተከላካዩ ወደ አንተ እስኪመጣ ኳሱን ይዘህ ትቆያለህ፣ ሲጠጋህ ትለቃለህ። ቀድመህ ከለቀቅክ ጓደኛህን ነው የሚያገኘው።

በዚህ መሃል አሰልጣኛችን ጓደኛችንን «ለልምምድ ተቀባይ ጎድሎናል» ብለው ጠሩት። በሦስተኛው ሳምንት ማልያውን ከቦርሳቸው አወጡለት፤ ታጥቦ ተተኩሶ ነበር።

ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር በመጨረሻ ተሸንፈናል። ያስቆጠርናቸው ሁለቱም ትራዮች ግን በቀኝ መስመር የገቡ ናቸው። «ቀኝ! ቀኝ!» እያልን በአማርኛ ስንጠራራ ተጋጣሚዎቻችን ግራ ሲጋቡ ማየትም ደስ ይላል።

ረጅሙ ቅብብል ገና ነው፤ ከ10 ሜትር ሲያልፍ ኳሱ ዛሬም ይዘቀዝቃል። ጎማው ከዛፉ አልወረደም። በእረፍት ሰዓት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ወረፋ ይዘውበታል።